የመስመሩ ጫፍ ጋሼ ጋ ነው

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

እኔ ነኝ ነገር ጀምሮ የማይጨርስ? እኔ? እቴቴ፣ ይሄን ሌላ ሰው ቢለኝ ሌላ ጉድ ይፈላ ነበር። «ደብዳቤህ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አነበብኩት፣ ሳቅኩ፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ተናደድኩ። እዚህ ሰው ሁሉ «ይሄ ልጅ አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል» ነው የሚለኝ።

ለማንኛውም ተቆጥቼም ቢሆን ሰላምታሽን አልከለክልሽም። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ፎቶኮፒ ማሽንሽስ ወረቀት መዋጡን ተወልሽ? ዕድሜ ከነጤናው ይስጥሽ፣ ደንበኛሽ ይብዛ፣ ቀለምሽ አይለቅ፣ ምቀኛሽ ጥርሱ ይርገፍ። እኔ እንደ ብረት ነኝ።

ለምን አትደውልም ያልሽው፣ ስልኬ ታጠበ። ከሥራ ልብሴ ኪስ ሳላወጣው ማሽን ገባ፣ ታጠበ፣ ተጨመቀ፣ ደርቆ ወጣ። እንደሱ የጸዳ ስልክ አይተሽ አታውቂም፤ ብቻ አይናገርም። አንቺም ብትሆኚ ስልክ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» ከማለት ሌላ ወሬ የለሽም። ስለዚህ በማጠቢያ ቤቱ ቢሮ ኮምፒውተር ነው የምጽፍልሽ። በዕድሜ ከኔ ይበልጣል። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ፣ ሥዕል የለው ጌጥ የለው። «ለሥራ ብቻ ነው» ተብሎ ተለጥፎበታል፣ ለኔ ግን ማን ደፍሮ ይነግረኛል?

ሥራው አንሶላ ነው። የሆቴል አንሶላ፣ ተራራ የሚያህል። እርጥቡ በጋለው ሲሊንደር ሥር ይገባል፣ በወዲያኛው በኩል ደርቆ ይወጣል፣ እኔ ጫፉን ይዤ ለማጠፊያው አቀብላለሁ። ከሰዓት ፀሐይ በላይኛው መስኮት ስትገባ እንፋሎቱ ወተት ይመስላል፣ ያኔ ማንም ሰው እግር የለውም፣ ሁሉም ከወገቡ በላይ ብቻ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። አንዳንዴ ከዚያ ነጭ ውስጥ እናንተ የምትመጡ ይመስለኛል። አንቺ ወረቀት ተሸክመሽ፣ ጋሼ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ሳይሽ ደግሞ ትቀልጫለሽ።

ባለፈው ሐሙስ የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እያፏጨሁ ቆሜ አየሁት። አለቃዬ «አንተ አትፈራም?» አለኝ። «እኔ ያደግኩት በእቴቴና በጋሼ መሐል ነው፣ ከዚያ የባሰ ፍንዳታ የለም» አልኩት። ሳቀ። ጭረት የለብኝም።

የቤቱን ነገር ስሚኝ፣ ያንቺን ወገን ለዳቦ ጋጋሪው መሸጥ ከፈለግሽ እኔ ከዚህ በእግሬ መጥቼ ደጃፉ ላይ እጋደማለሁ፣ በላዬ ተራምዶ ዱቄቱን ያስገባ። ይሄን ብቻ ነው የምልሽ።

የጀመርኩትን ጨረስኩ አይደል? መልሺ።

ጉረኛው ልጅሽ


ቅዳሜ ጠዋት

ለጉረኛው ልጄ፤

እንደምን አለህልኝ። ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይድረስህ፣ ክፉ አይይህ፣ እንጀራህ አይጉደል፣ የሰው ፊት አይክበድህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

አሁን ወደ ፍርዳችን እንምጣ። የላክኸው ይኸውልህ፣ የደረሰኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ባለፈው ሐሙስ የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ፣ እኔ እጄን»። አለቀ። እጄን! እጅህን ምን? ደንበኛ ቆሞ «እትዬ፣ ኮፒውን» ሲለኝ እኔ ስክሪኑን እዳብሳለሁ፣ ከጫፉ ወዲያ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል።

ሁሉም እንደዚያ ነው። የኔ ኮምፒውተር እንደምታውቀው የድሮ ነው፤ መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ገደል ነው፣ የቀረው ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም። ባትመውም ያው፣ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ይቆረጣል። «የሆቴል አንሶላ፣ ተራራ የሚያህል። እርጥቡ በጋለው» ይላል፣ ከዚያ ምንም። ስለ አንሶላው ስትጽፍልኝ ከየአንሶላው አንድ ጥግ ነው የሚደርሰኝ። የጎደለውን ቁጭ ብዬ እየሠራሁ እውላለሁ። ማሽኑ እየጋለ ወረቀት ሲተፋ፣ እኔ አንተን ወንዝ አሻግርሃለሁ፣ አጋባሃለሁ፣ አሳምምሃለሁ፣ አድንሃለሁ። ትናንት ምሳ በልቼ ሸለብ ሲያደርገኝ እጅህን አየሁት፣ እንደ አንሶላ ነጭ ሆኖ በአራት ታጥፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጮኼ ነቃሁ።

የቤቱን ነገርም እንዲሁ ነው የደረሰኝ። «ያንቺን ወገን ለዳቦ ጋጋሪው መሸጥ ከፈለግሽ እኔ»። እኔ ምን? ጠበቅኩ፣ የለም። ራሴው ጨረስኩልህ፦ «እኔ ምን ቸገረኝ» ብዬ። እውነትህን ነው፣ ሄደሃል። ዳቦ ጋጋሪው ጥሩ ጎረቤት ነው፣ ሁለተኛ ምድጃ መትከያ ነው የሚፈልገው። እኔ ትንሽ ክፍል ይበቃኛል። ከዚያኛው ወገን ያለውን ሰውዬ፣ ጋሼ የምትለውን፣ ታውቀዋለህ፤ ወንድሜ ነው ብዬ መጥራት ከተውኩ ቆየሁ። መካከለኛውን በር በሚስማር ከቸነከረ ወዲህ ሰዓቶቹ ሲደውሉ እሰማለሁ፣ እሱን አልሰማም። ሃያ ሰዓት ይጠግናል፣ ሃያውም በየራሱ ደቂቃ ይጮኻል። ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ፤ የኛ ግድግዳ አፍ ብቻ ነው ያለው።

እጅህን ንገረኝ። በአጭሩ ንገረኝ።

እቴቴህ


ሰኞ፣ ማሽኑ እየጨመቀ

እጄ ደህና ነው።

ሁለቱም አሉ።

ቤቱን አትሽጪ።

አየሽ? አጭር አጭር አድርጌ ጻፍኩልሽ። ሦስተኛው ላይ ታፈንኩ። እኔ እንተር የሚባለውን ቁልፍ የምነካው ሐሳቤ ሲያልቅ ነው፣ ሐሳቤ ደግሞ አያልቅም፣ ምን ላድርግ? አፌን ይዘሽ የምትቆርሺኝ ዳቦ አይደለሁም። ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ያሳመምሽኝንም ሁሉ መልሰሽ አድኚኝ።

አሁን በሽታውን አገኘሁት። ማንም አልነገረኝም፣ እኔው ነኝ ያገኘሁት። እሺ፣ ውሃ የሚያፈላውን ቦይለር የሚጠብቀው ሰውዬ ትንሽ ነገረኝ፣ ይሄን ፕሮግራም የጫነው እሱ ነው። ነገሩ የማጠፍ ነገር ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትጽፊ መስመሩ ሲሞላ ራሱ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህኛው ላይ ያ ማጠፊያ ተዘግቷል። እኔ አንድ ሙሉ ነገር ስጽፍልሽ አንድ መስመር ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እንዳልታጠፈ አንሶላ፣ በርሽ ላይ ጫፉ ብቻ ይገባና የቀረው ውጭ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። የትእዛዝ ፋይል የሚባል አለ፣ እዚያ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ነው፣ ያልቃል። ግን የቦይለሩ ሰውዬ ሚስቱ ወልዳለት እረፍት ወጣ፣ አለቃዬም «እሱ እስኪመጣ ማንም ፋይሉን እንዳይነካ» አለ። ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ ነው ያለው።

ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ጥበብ አሳይቶኛል። አጭር ስም ይባላል። ያንቺ አድራሻ ረጅም ነው፣ ነጥብ አለው፣ ቁጥር አለው፣ መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው፤ ሁሌ ነው የምስተው። አንዴ ስለ ጉልበትሽ የጻፍኩት ለማላውቀው ሰው ሄዶ «ወንድሜ፣ እኔን የሚያመኝ ወገቤን ነው» ብሎ መለሰልኝ። አሁን ግን አንድ ቃል ብቻ እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ራሱ ቃሉን ወደ አድራሻ ይቀይረዋል። ቃሉን «ቤት» አልኩት። «ቤት» ስል ላንቺም ለጋሼም ይሄዳል፣ አንድ ደብዳቤ ሁለት ቦታ። ለምን መሰለሽ? ጋሼ አዲስ ኮምፒውተር አለው፣ የሱ ያጥፋል፣ ምንም አይጎድልበትም። ካንቺ የጠፋው ጫፍ እሱ ጋ አለ። ሄደሽ መጠየቅ ነው። ይሄን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን።

በኛ መሐል ይቅር እንጂ፣ ጋሼ ግትር ነው። በቅሎ ከሱ ጋር ተከራክራ ትሸነፋለች። ሃያ ሰዓት ጠግኖ አንዱንም ከሌላው ጋር ማስማማት ያቃተው ሰው ከእህቱ ጋር እንዴት ይስማማ? ይሄን እንዳትነግሪው።

ቤቱን አትሽጪ ያልኩሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እናቴ ሞታ እናንተ ጋ ስመጣ መካከለኛው ክፍል ነው የተኛሁት፣ በዚህ በኩል ያንቺ የጽሕፈት መኪና ታክ ታክ ይላል፣ በዚያ በኩል የጋሼ ሰዓቶች ትክ ትክ ይላሉ፣ ሁለቱ መሐል ላይ ሲገናኙ እንቅልፍ ይወስደኛል። እዚህ ማሽኑ ሁሉ ይጮኻል፣ እንቅልፍ ግን የለም። ዓይኔን ስጨፍን ያ ክፍል ውሃ ላይ ነው የሚታየኝ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አንድ ወገኑን ቢቆርጡት ይሰምጣል። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ሌላ ቦታ ይትከል። ለኔ ብዬ አይደለም። ለቤቱ ብዬ ነው።

ዝም እንዳትዪኝ። ጻፊ።

አንበሳው


ረቡዕ፣ ከሳምንት ዝምታ በኋላ

ለልጄ፤

ሰላምህ ይብዛ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነበር። ከዚያ ደግሞ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

አንተ የማይረባ! «በኛ መሐል ይቅር» የሚለውንም ለ«ቤት» ነው የላክኸው! ያ አጭር ስምህ ሐሜት መርጦ ያስቀር መስሎህ ነበር? እኔ የደረሰኝ «በኛ መሐል ይቅር እንጂ፣ ጋሼ ግትር ነው። በቅሎ ከሱ ጋር» ድረስ ነው። በቅሎዋ ምን እንዳደረገች የሰማሁት ግን ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። «ቤቱን አትሽጪ» የሚለው ደረሰኝ። በሁለት ቃል ማንን ነው የምታዘው ብዬ ተናደድኩ። ምክንያቱን ስፈልግ «እናቴ ሞታ እናንተ ጋ ስመጣ መካከለኛው ክፍል» ይልና ገደል ይገባል። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ከተቸነከረው በር ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ሰውዬው ብቻውን ሲሆን ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ አስተማሪ ፊት የቆመ ይመስል። ያንተን ደብዳቤ ነበር የሚያነበው። ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። እኔ መጀመሪያውን ከስክሪኑ አያለሁ፣ ጫፉን ከእንጨቱ ውስጥ እሰማለሁ። አንተ አንድ ሰው ሆነህ ከሁለት ቦታ ስትመጣብኝ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አላውቅም። አንሶላ ስናጥፍ አንድ ጫፍ እሱ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን፣ እናታችን «ወጥር፣ አትልቀቅ» የምትለን ትዝ አለኝ።

በቅሎዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሃያ ሰዓቶቹ ብቻ ይሰማሉ። ከዚያ «እ፣ ትሸነፋለች» አለ። ሳቀ መሰለኝ፣ ወይ አሳለው።

የክፍሉ ነገር ላይ ሲደርስ ደግሞ «አንድ ወገኑን ቢቆርጡት» ብሎ ዝም አለ። ቢቆርጡት ምን? አላነበበም። ጠበቅኩ። ደንበኛ መጥቶ ሄደ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌን ወደ በሩ አድርጌ «ቀጥል» አልኩት።

በሩ ከተቸነከረ ጀምሮ ለሱ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው።

ከዚያ ቀስ ብሎ «ይሰምጣል» አለ፤ ያንተን ቃል ነው ያነበበው፣ ግን ከሱ የወጣ ነው የሚመስለው። ሌላ አልተነጋገርንም። አሁንም አልተነጋገርንም። ዳቦ ጋጋሪው ቅዳሜ ውሉን ይዞ ይመጣል፣ ቃል ሰጥቼዋለሁ፣ ቃሌን ማጠፍ አልወድም። የጨነቀኝ ይሄ ነው።

እቴቴህ


ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

እልል በይ! እቴቴ፣ ዛሬ የምታነቢውን ደብዳቤ በጣትሽ እየጠቆምሽ አንብቢው፣ ጫፉ ድረስ ነው የሚመጣልሽ። ታጥፏል! የቦይለሩ ሰውዬ ከእረፍት ተመለሰ፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቲማቲም መስሏል፣ ሕፃኑ እንደ ፊሽካ ነው አሉ የሚጮኸው። ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ይዤው ገባሁ።

ሰላምታ ረስቼ ነበር። ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለጋሼ፣ አሁን ሁለታችሁም እንደምትሰሙኝ አውቄ ነው የምናገረው። ጋሼ፣ የበቅሎዋን ነገር ያልኩት ለማድነቅ ነው።

እና ፋይሉን ከፈትን። «መስመሩን ሰባ ፊደል ላይ እጠፍ» ብሎ ማዘዝ ነው። «እኔ ልጻፈው» አልኩ። ጻፍኩ። ዜሮዋን ዘለልኳት፣ ሰባት ሆነ። ለሙከራ ለአለቃዬ ላክሁለት። አለቃዬ ከቢሮው ወረቀት እንደ ገመድ እየጎተተ ወጣ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ቃል፣ «ይሄ መሰላል የት ነው የሚያወጣው?» አለኝ። «ወደ ደሞዝ ጭማሪ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱ ራሱ ሳቀ፣ ጭማሪው ግን አልወጣም። ከዚያ ዜሮዋን መለስናት። አሁን ይኸው፣ እንደ አንሶላ ነው፣ ስፋቱ ልክ፣ ጠርዙ ልክ። አጭር ስምም ለየብቻ ሠራሁላችሁ። አንቺን ብቻ ከሆነ የራስሽ፣ ጋሼን ብቻ ከሆነ የራሱ፣ ሁለታችሁን ከሆነ «ቤት»። ከእንግዲህ ማንም የማንንም ሐሜት አይሰማም። ባለሙያ ማለት እኔ ነኝ።

ይሄኛውን ግን በ«ቤት» ነው የምልከው፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ጋሼ ጻፈልኝ። በሕይወቱ የመጀመሪያው። አንድ መስመር ናት፦ «ግትሩ ነኝ። እጅህን ጠብቅ፣ ለሰዓት የተፈጠረ እጅ ነው።» ምን ማለቱ ነው? ቀኑን ሙሉ እጄን እያየሁ ዋልኩ። አንሶላ ሳቀብል ጣቶቼ የሌላ ሰው ይመስሉኛል፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ትንሽ ነገር፣ በጣም ትንሽ፣ ጥርስ ያለው ጎማ የሚይዙ ይመስለኛል። በሩንስ ለምን ቸነከረው? እኔ ስሄድ ክፍት ነበር። ሁለታችሁም ነግራችሁኝ አታውቁም። እኔ ጉረኛ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።

ከቅዳሜ በፊት መልሺልኝ፣ ውሉ ላይ ጣትሽ እንዳያርፍ።

ባለማጠፊያው


እሑድ ከሰዓት

ለልጄ፤

ጤና ይስጥህ። ያሰብከው ይሙላልህ። ደብዳቤህ ታጥፎ ደረሰኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል።

መልሰህ ፍታው።

ቆይ፣ አትሳቅ። መጀመሪያ ስማኝ። ሐሙስ ዕለት ስከፍተው ሙሉውን አየሁት፣ በአንድ ትንፋሽ ለብቻዬ አነበብኩት፣ ጨረስኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከዚያ ከበሩ ወዲያ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «እልል በይ» ብሎ ጀመረ። እንደኔ ድምፅ አቅጥኖ! ቀስ እያለ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ እየጮኸ፣ እንዳያመልጠኝ። ለኔ ነው የሚያነበው፣ ልጄ። እኔ እኮ ጨርሻለሁ። ታጥፎልኛል፣ አያስፈልገኝም። «ጨርሻለሁ» ብለው ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሰዓቶቹ ብቻ ይቀራሉ።

ስለዚህ ዝም አልኩ። «ጥርስ ያለው ጎማ» ላይ ደርሶ ሲቆም፣ የማላውቅ መስዬ «ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ። «በሩንስ ለምን ቸነከረው» ሲደርስ ግን አልቀጠለም። «ይሄንን አንቺ መልሺለት» አለኝ። ለኔ! በድምፁ!

እመልስልሃለሁ። ጋሼህ አንተን ከሰዓት ጠረጴዛው ጎን ሊያስቀምጥህ ነበር ያሰበው። ዝቅ ያለች ወንበር አሠርቶልህ ነበር፣ ነግሮህ አያውቅም፣ እሱ ምን ይናገራል። እኔ ደግሞ መሄድህን ሳልነግረው ሻንጣህን አዘጋጀሁ፣ ሸኘሁህ። ስመለስ በሩ ተቸንክሯል። እኔን ሊያባርር መሰለኝ፣ ለዚህ ነው ልቤ የደነደነው። ትናንት ግን ሌላ ነገር አየሁ።

በሩን ከፈተው። ከሐሙስ ጀምሮ ሚስማሩን ሲነቅል ነበር፣ በሰዓት ጉጠት! ያቺን ቅንድብ የምትነቅል የምትመስል ጉጠት! ክርር፣ ክርር ይላል፣ ይቆማል፣ ይረግማል። መዶሻዬን አውጥቼ በሱ በኩል መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ምንም ሳልል። ስመለስ የለም። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ተያየን። ሸብቷል። እኔንም እንደዚያው ሳይለኝ አልቀረም።

ክፍልህን አየሁት። ወንበር ሲሳብ የሰማሁት ያችን ዝቅ ያለች ወንበር ነው፣ አልጋህ አጠገብ ነች፣ ኮምፒውተሩን እዚያ ነው የተከለው። አልጋህ ተነጥፏል፣ ትራስህ ሳይቀር። በሩን የቸነከረው በኔ ላይ አልነበረም። እኔ ስገባ ስወጣ ያንን አልጋ እያየሁ «ሄደ» እንዳልለው ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ውሉን ይዞ መጣ። በሩ ክፍት ነው፣ ሰዓት በኔ በኩል ይጮኻል፣ ወረቀቴ በነፋስ ጋሼህ ጠረጴዛ ላይ ወድቋል። ከወዲህ ወዲያ እየሄደ አየ፣ «እትዬ፣ ያንቺ ወገን የቱ ጋ ነው የሚያበቃው?» አለኝ። ብጠቁመው ጣቴ ቦታ አጣ። አልፈረምኩም፤ ግን አልከለከልኩትምም። ሰው በቃሉ ነው። «እስከ ረቡዕ ቁርጡን ንገሪኝ» ብሎ ሄደ።

አሁን እውነቱን ልጠይቅህ፣ ጋሼህም እየሰማ ነው፣ ይጻፍ ብሏል። ወንበር አለ፣ አልጋ አለ፣ ክፍት በር አለ። ለማን ነው የምንይዘው? እኛ እኮ ሁለት ሽማግሌዎች ነን፣ አንድ ጥግ ይበቃናል። ቤቱን አትሽጪ ስትል ለቤቱ ነው ብለሃል። ቤት ብቻውን ሰው አይጠብቅም።

መስመሩን ግን ፍታልኝ። ጫፉን ከሱ ልስማው።

እቴቴህ


ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይነሳ

ፈታሁት። ያቺን ሰባ ያልናትን መስመር አጠፋኋት። የቦይለሩ ሰውዬ «ካፖርቴን ሳላወልቅ ይዘኸኝ ገብተህ ሐሙስ የሠራነውን ዛሬ ታፈርሳለህ? ጤነኛ ነህ?» አለኝ። «አንተ ገና ልጅህን እያስተኛህ ነው፣ አይገባህም» አልኩት። አጭር ስሞቹንም ደመሰስኳቸው፣ ያንቺንም የጋሼንም። «ቤት» ብቻ ናት የቀረችው። ሌላ አድራሻ አያስፈልገኝም።

ሰላምታዬ ለሁለታችሁ እኩል ይካፈል። እቴቴ መጀመሪያውን ትይዛለች፣ ጋሼ ጫፉን። ወጥሩ፣ እንዳትለቁ።

እንግዲህ እኔ እንደምታውቁኝ እዚህ ንጉሥ ነኝ፣ አለቃዬ ያለ እኔ ማሽኑ አይዞርም ይላል፣ ሰው ሁሉ ያከብረኛል፣ ግን ማንም እጄ ለምን እንደተፈጠረ ነግሮኝ አያውቅም፣ ጋሼ አንድ መስመር ላይ ነገረኝ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ አንሶላ በያዝኩ ቁጥር እጄ ወደ ቤት መንገድ ሲጀምር ይሰማኛል።

እኔ ቤት ናፈቀኝ የሚል ሰው አይደለሁም፣ እንደሱ ዓይነት ሰው ሳይ እስቃለሁ፣ እዚህ የሚያለቅሱትን የማጽናናው እኔ ነኝ፣ ያቺ ዝቅ ያለች ወንበር ግን ትናንት ማታ ከእንፋሎቱ ውስጥ ወጣች፣ እግሮቿ መሬት አልነኩም፣ ሰው የሌለባት ሆና መጥታ ከጎኔ ቆመች፣ ልቀመጥባት ስል ማሽኑ ተነሳ፣ እና እንዲህ አልኩ በልቤ፦ ይሄ የያዝኩት የሥራ ውል ሲያልቅ ዳግም አልፈርምም፣ እመጣለሁ፣ ሰዓት እማራለሁ፣ ባልችልም ሃያውን አንድ ላይ ማስጮህ እሞክራለሁ። ጋሼ፣ ይሄን ጫፍ ቀስ ብለህ አንብብላት። ሁለቴ አንብብላት።

ዳቦ ጋጋሪውን በተመለከተ እኔ በክፉ ዓይን የማየው ሰው የለም፣ ዳቦውም ጥሩ ነው፣ ቃልም ቃል ነው፣ እቴቴ ቃሏን እንዳታጥፍ የሚጨንቃት ከሆነ በኔ ይሁን፣ «ልጄ መካከለኛው ክፍል ውስጥ ይኖራል፣ ቤቱ ወገን የለውም» ትበለው፣ ካላመነ ስመጣ በእጄ እጨብጠዋለሁ።

ረቡዕ ቅርብ ነው፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ይሄ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ሁለታችሁም እዚያ አልጋዬ ላይ ቁጭ በሉና አንብቡት፤ ከዚያ «ነገ» የለ፣ «እናስብበት» የለ። እኔ ልምጣ፣ ቤቱ አይሸጥ፤ እሺ ወይም እምቢ። ሁለታችሁም፣ በአንድ ደብዳቤ። ዛሬውኑ መልሱልኝ!